የአማን ሐር

ቃናኒ መጀመሪያ የቀናችው በአንድ የድንጋይ ቤት ነበር። ሴትዮዋ የመጣችው በኋላ ነው።

ባሏ ፈየራ አሶሳ ባለው ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምራል። ለዶክትሬቱ ህንድ ሄዶ ዓመታት ቆይቶ ሲመለስ ሻንጣው ቀሎ፣ አፉ ሞልቶ ነበር። ያጠናው በደቡብ ህንድ፣ ታሚል ናዱ በሚባለው ግዛት፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ መሀል ስለቆመ ጥንታዊ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነው። እራት ላይ ይጀምራል። ከሺህ ዓመት በፊት አንድ ንጉሥ አስጀምሮት የልጅ ልጁ እንዳስጨረሰው፣ ማን ስንት ላም፣ ማን ለመብራቱ ስንት ቅል ዘይት እንደሰጠ በግድግዳው ድንጋይ ላይ እንደተቀረጸ፣ የበሩ ግንብ ከሥር እስከ ጫፉ በአማልክትና በአራዊት ምስል እንደተሞላ፣ በዓመቱ በዓል ሠረገላው ሲጎተት ሹሙም ጫማ ሰፊውም አንድ ገመድ እንደሚይዙ ይነግራታል። የቤቱን እመቤት፣ አምላካቸውን፣ አማን ይሏታል። በቋንቋቸው እናት ማለት ነው።

«በኛ ሰላም ማለት መሆኑ አይገርምም?» ይላል፣ በየጊዜው እንደ አዲስ።

ቃናኒ ትሰማለች፤ ወጥ ትጨምርለታለች። ከወለጋ መጥቶ ባምባሲ ከሰፈረ ቤተሰብ ተወልዳ፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሀል ያደገች ሴት ስለሆነች፣ መጀመሪያ ሰሞን ያሳሰባት ሃይማኖቱ ነበር። ሰውየው ግን እሁድ እሁድ አጠገቧ ቆሞ ይዘምራል። ያንገበገባት ሌላ ነው። ስለዚያ ድንጋይ ሲያወራ ፊቱ የሚፈታውን ያህል ስለ ቤታቸው ሲያወራ ተፈትቶ አይታው አታውቅም። እሱ በሌለበት ምን እንዳሳለፈች አንድ ቀን እንኳ ጠይቋት አያውቅም። የድንጋይ ቤቱን ግን ምሰሶ በምሰሶ ያውቀዋል።

አምና ደግሞ ሱማቲ መጣች።

ዶክተር ሱማቲ ህንዳዊት ናት፤ ዩኒቨርሲቲው እንግሊዝኛ እንድታስተምር በኮንትራት ቀጥሯት ነው። ብትበዛ አርባ ዓመቷ ነው። ጠይም፣ ቀጭን፣ ጉንጉኗ ወገቧ ድረስ የሚወርድ፣ ጠዋት ጠዋት ከደጅ አበባ ቀጥፋ ጉንጉኗ ላይ የምትሰካ ሴት ናት። ፈየራ መምጣቷን የነገራት ቀን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነበር የገባው።

«ከዚያው ከተማ ናት» አለ። «እዚያ ስኖር የተከራየሁት የአባቷ ቤት ሰገነት ላይ ነው። እሷ ሌላ ከተማ ነበር የምታስተምረው፤ በበዓል በበዓል ትመጣለች። እዚህ የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ ላክሁላት።»

«አንተ ነህ የላክህላት?»

«አዎ። ምነው?»

«ምንም» አለች ቃናኒ፤ ድስቱን ግን ባልተለኮሰው ምድጃ ላይ ጣደችው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለ ቤተ መቅደሱ አብረው መጽሐፍ መጻፍ ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያቸው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው። ቃናኒ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለች፤ እንግሊዝኛ ቆሞ ሲጠብቃት ታነበዋለች፣ ሲሮጥ ግን አትደርስበትም። ከሚፈሰው ወሬ የምትለየው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አማን። አማን ይላሉ፣ ይስቃሉ። ሻይ ስታቀርብ ፈየራ «አመሰግናለሁ» ይላታል፤ ሚስቱን የሚያመሰግን ሳይሆን የሻይ ቤት አስተናጋጅ የሚያመሰግን ይመስላታል።

ገበያው አጠገብ የልብስ ስፌት ቤት አላት። የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ የጾሬ የስደተኞች መጠለያ ትምህርት ቤት ልጆች የሚለብሱትን ሰማያዊ ሸሚዝ የሰፋችው እሷ ናት። ጎኗ ያለው ሱቅ የቶይባ ነው። ቶይባ ከመንጌ ወረዳ የመጣች የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ ከሱዳን የሚመጣ ቶብ ትሸጣለች፣ ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበትን ያንን ረዥም ጨርቅ። ሁለቱ ከአንድ ጣሳ ውሃ የሚጠጡ ናቸው።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ» አለቻት አንድ ቀን፣ «ህንዱ ሴትዮ ዛሬም ቤትሽ ሄደ?»

«መጽሐፍ እየጻፉ ነው።»

«መጽሐፍ» አለች ቶይባ። ያጠፈችውን ቶብ መደርደሪያው ላይ ጫነችው። «የኔ አባት ሦስት ሚስት አገባ። መጽሐፍ አልጻፈም። ግን እናቴ ቀድሞ ያውቃል። ሴት ሁልጊዜ ያውቃል። አንቺ ለምን አትጠይቅም?»

«ምን ብዬ?»

«ልብህ የት ነው፣ በል።»

ቃናኒ አልጠየቀችም። ብትጠይቅና «እዚህ ነው» ቢላት አታምነውም፤ «እዚያ ነው» ቢላት ደግሞ ምን እንደምታደርግ አታውቅም።

ግንቦት ውስጥ ዩኒቨርሲቲው የባህል ቀን ሊያከብር ተዘጋጀ። ሱማቲ ስለ ከተማዋ ቤተ መቅደስ ንግግር እንድታደርግ ተጠየቀች። አንድ ከሰዓት ላይ እሷና ፈየራ አብረው ስፌት ቤቱ ድረስ መጡ። ሱማቲ በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ይዛለች፤ ሕፃን የያዘች ነው የምትመስለው። ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ሐር ነበር። መደቡ የበሰለ ማንጎ የመሰለ፣ ጠርዙ ቀይ፣ ቀዩ ላይ በወርቅማ ክር ወፎች የተሰለፉበት። ቃናኒ ዕድሜዋን በጨርቅ መሀል ያሳለፈች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ግን ነክታ አታውቅም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ነው የነካችው።

«ይሄንን አማን በሠርጓ በዓል ለብሳው ነበር» አለ ፈየራ። «በየዓመቱ ለባሏ ይድሯታል፤ አዲስ ሐር ያለብሷታል። በዓሉ ሲያልፍ የለበሰችውን ቤቱን ላገለገለ ሰው ይሰጣሉ። የሱማቲ አባት እዚያ ቤት ከክንድ የሚረዝም የእንጨት መለከት ሲነፋ የኖረ ሰው ነው፤ አባቱም አያቱም ይነፉ ነበር። ሲያረጅ በክብር የሰጡት ይሄንን ነው። እሱ ደግሞ ወደ እኛ አገር ስትመጣ ለሷ ሰጣት። ከላይ የሚጠቀለለው ሳሪው ነው። ከሥር የሚለበሰው አጭር ሸሚዝ ከዚሁ ጫፍ ተቆርጦ ነው የሚሰፋው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እባክሽ ተጠንቀቂለት፤ ተራ ጨርቅ አይደለም።»

ቃናኒ የራሷን የሠርግ ቀሚስ የሰፋችው በገዛ እጇ ነው። ያኔ ተጠንቀቂ ያላት አልነበረም።

መጋረጃውን ስባ ልክ መውሰድ ጀመረች። «እጅዎን ያንሱ» አለች።

«አንቺ በይኝ» አለች ሱማቲ፣ ከተማሪዎቿና ከገበያ በለቃቀመችው አማርኛ።

«ዶክተር ነዎት» አለች ቃናኒ። እርስዎ ማለቷ አክብሮት አልነበረም፤ በመሀላቸው ያቆመችው አጥር ነበር።

ሱማቲ ሜትሩ ደረቷ ላይ እንዳለ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ፈየራ ከመጋረጃው ውጭ ሆኖ ሳቀ። «ስለ በር መዝጋቱ በዓል ልታወራ ነው ንግግሩ ላይ» አለ። «ነግሬሽ የለ? የአማን ባል በዓመት አንዴ በሠረገላ ሆኖ ወንዙን ይሻገርና ወደ ሌላዋ ሚስቱ ይሄዳል። ሲመለስ አማን በሩን ትዘጋበታለች። የሱ ካህናት ደጅ ቆመው ይለምናሉ፣ የሷ ካህናት ከውስጥ እንቢ ይላሉ። አበባ ይወራወራሉ፣ ይሰዳደባሉ፤ ሕዝቡ በሳቅ ይሞታል። መጨረሻ ላይ ትከፍትለታለች።»

«ለምን?» አለች ቃናኒ።

«እንዴት ለምን?»

«ለምን ትከፍትለታለች?»

ፈየራ ትንሽ አሰበ። «ሥርዓቱ ነዋ» አለ።

ልኩ ተወስዶ ሲያልቅ ሁለቱ ተሰናብተው ወጡ። ቃናኒ የሐሩን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ በጠመኔ በልኩ አሰመረች። ትክክለኛ መስመር ነበር። ውጭ ባጃጅ ሲቆም ሰምታ ቀና አለች። ሱማቲ ገባች፤ ፈየራ ከፊት ከሾፌሩ ጎን መቀመጥ ሲችል ከኋላ አጠገቧ ገባ። ወሬ ላይ ነበሩ። ያንን የተፈታ ፊቱን ከሩቅ አየችው።

ጎንበስ ብላ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ገባችና ሌላ መስመር አሰመረች። መቀሱን አነሳች። እጇ አልሳተም። ሐር ሲቆረጥ ድምፁ ትንሽ ነው፤ ወረቀት ያህል እንኳ አይጮህም። ስትጨርስ ከጎኖቹ በኋላ ሊለቀቅ የሚችል ትርፍ አልነበረም። ከዚያ ቁጭ ብላ ሰፋችው፤ ስፌቱን አሳምራ፣ ገበሩን አስተካክላ፣ መንጠቆዎቹን በእጇ ተክላ። የሚያምር ሥራ ነበር። ሱማቲ ልትለብሰው የማትችል መሆኑን የምታውቀው ቃናኒ ብቻ ናት።

ሱማቲ ልትለካ የመጣችው ብቻዋን ነው። መጋረጃው ውስጥ ገብታ ለበሰችው። እጅጌው ገባ፤ ፊቱ ግን አልገጠመም። ትንፋሿን ውጣ ሞከረች። ቃናኒ መንጠቆውን ይዛ ወደ ቀለበቱ ሳበችው፤ እንደማይደርስ እያወቀች ሳበችው። መስተዋቱ ውስጥ ሁለቱም የማይገናኘውን ክፍተት አዩት።

ቃናኒ ቁጣ ጠበቀች። መልሱን አዘጋጅታ ነበር፤ ልኩ የተወሰደው እንዲህ ነው፣ ሐር ይሰበሰባል፣ እንዲህ እንዲያ። ሱማቲ ግን ሸሚዙን ቀስ ብላ አወለቀች፣ የራሷን ለበሰች፣ እዚያ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«ማንጎ ብዙ በላሁ» አለች። ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ወፎቹን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ቃል በቃል እየፈለገች እንዲህ አለች፤ «ቃናኒ፣ አንቺ ልብሽ አዝኗል። እኔ አውቃለሁ። አባቴም ያውቃል። አባቴ በየዓመቱ ለኬና መብራት ያበራል።»

የቃናኒ እጅ ሜትሩ ላይ ቀረ።

ኬና ልጇ ናት። በወለጋ ኦሮምኛ ስጦታ ማለት ነው። ፈየራ ሲሄድ ቃናኒ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጅቷን ወልዳ ያሳደገቻት ብቻዋን ነው፤ አባትየው ያያት በስልክ መስኮት ብቻ ነው። መዳህ ልትጀምር ስትል ታመመችና ሞተች። ጊዜው ኮሮና የገባበት፣ ህንድ በሯን የዘጋችበት፣ አውሮፕላን የቆመበት ነበር። ፈየራ አልመጣም፤ መምጣት አይችልም ነበር፤ ይሄንን ቃናኒ ታውቃለች። ኋላ ሲመለስም ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አልተናገረም። እሷም አልተናገረችም። ስሟ በዚያ ቤት ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም።

«ማን ነገረሽ?» አለች። እርስዎ ማለቱን ረሳችው።

«እኔ ያኔ እዚያ ነበርኩ፤ ኮሮና ስለሆነ ወደ አባቴ ቤት መጣሁ። ፈየራ ከቤተ መቅደሱ በር ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። በጣም። አባቴ ስሟን ጠየቀው። እዚያ ኩሬ አለ፤ ደረጃው ላይ ለሞቱ ልጆች መብራት ያኖራሉ። የኛ ወግ ነው። አባቴ አኖረ። አሁንም በየዓመቱ።» ሱማቲ የቃናኒን ፊት አይታ ንግግሯን አቋረጠች። «አታውቂም ነበር?»

ቃናኒ ሱማቲን እዚያው ትታ ወጣች። ቶይባ «ቃናኒ፣ ምን ሆነ?» እያለች ስትጠራት አልዞረችም። እስከዚያ ቀን ቅናቷ ግምት ነበር፤ አሁን የሚጨበጥ ነገር አገኘ። ባሏ ለሌላ ሴት ሳቁን ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ይህን ያህል ባልከፋት። የሰጠው እንባውን ነው። የልጇን አባት ሲያለቅስ ያየው የድንጋይ ደጃፍና የማታውቀው ሽማግሌ ነው። እሷ ልጇን ስትቀብር አጠገቧ ያልነበረው እንባ ባሕር ተሻግሮ በሰው ደጅ ፈሷል።

ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

ፈየራ ሲመጣ ገና አልመሸም፤ በመንጌ በኩል ያለው ሰማይ ግን ጠቁሮ ነፋሱ ማንጎውን ያንገላታዋል። በሩን ገፋ፣ አንኳኳ።

«ቃናኒ? ተቆልፏል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ስለ ኬና ለሴትዮዋ ነገርካት።»

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መቱት።

«ክፈቺና እናውራ።»

«እዚያው ሆነህ አውራ። ደጅ ቁጭ ብሎ ማውራት ለምደሃል።»

«እንደ አማን ልትሆኚብኝ ነው?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ለማስገባት እየሞከረ።

«አማን ካህናት አሏት፤ ቆመው የሚከራከሩላት። እኔ ማን አለኝ? ልጄ የሞተች ቀን ደወልኩልህ። ምን አልከኝ? እግዚአብሔር ያጽናሽ። ያጽናሽ፣ ፈየራ። ያጽናን እንኳ አላልክም። ለጎረቤት የሚባለውን ነው ያልከኝ።»

ዝናቡ ያኔ ወረደ። የአሶሳ ግንቦት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይሰማሙም። ፈየራ አንድ ነገር አለ፤ አልሰማችውም። ደገመው፤ አልሰማችውም።

«አልሰማህም» ብላ ጮኸች።

«አፍሬ ነው» ብሎ ጮኸ። ለስላሳ ተናጋሪ ሰው ነው፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም። አሁን ግን ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ልቡ ውስጥ የደበቀውን ሁሉ ሰፈሩ እየሰማ መጮህ ነበረበት። «እንደ ቄስ አናገርኩሽ! ስልኩን ስዘጋ ነው ያወቅሁት! መልሼ ልደውል አልኩ፣ አፈርኩ! ሰገነቱ ላይ መቀመጥ አቃተኝ፣ ወጣሁ፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ሁሉ ዝግ ነው፣ ያ ቤት ራሱ ዝግ ነው! ሽማግሌው ከተዘጋው በር ፊት ብቻውን መለከቱን ሲነፋ አገኘሁት! ምን ሆንክ አለኝ፣ ልጄ ሞተች አልኩት! ስሟን ጠየቀኝ! ስሟን ጠርቼ አላውቅም ነበር ቃናኒ፣ ለሰው ጠርቼው አላውቅም ነበር!»

ጎረቤት ያሉ ሴቶች በረንዳቸው ላይ ወጥተው ቆመዋል። ቃናኒ ግንባሯን በሩ ላይ አድርጋ ሰማችው። ከዚያ መቀርቀሪያውን አነሳች። ሥርዓት ስለሆነ አይደለም። ባሏ ሲጮህ ሰምታ ስለማታውቅ ነው።

ውሃ ሆኖ ገባ። ፎጣ ሰጠችው፣ እሷ ቆማ ቀረች።

«ለምንድን ነው ታዲያ በየማታው ስለ ድንጋዩ የምትነግረኝ?» አለች። «ስለ ምሰሶው፣ ስለ ውስጡ፣ ስለ ሐሩ፣ ስለ ወርቁ።»

«ውስጡን ገብቼ አላውቅም» አለ ፈየራ። «ሂንዱ ያልሆነ ሰው ከውጭው አደባባይ አያልፍም። ውስጡን የማውቀው ከሰው አፍና ከመጽሐፍ ነው። እኔ ያለሁት ሁልጊዜ ደጅ ነው።» ፎጣውን እጁ ላይ ጠቀለለው። «በወሬዬ የኬና መብራት ያለበት ደረጃ ጋ መድረስ ፈልጌ ነበር። በየማታው ከግንቡ እጀምራለሁ፤ ወደ ኩሬው ስቃረብ አንቺ ወጥ ትጨምሪልኛለሽ፣ እተወዋለሁ። መስማት የማትፈልጊ መሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ አንተ የረሳሃት መሰለኝ።»

ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጡ። ከዚያ ቃናኒ ሐሩን አውቃ አጥብባ እንደቆረጠችው ነገረችው። እንዲያ ልቡን ከከፈተላት በኋላ ይቅር የሚላት መስሏት ነበር። ፈየራ ግን ተነስቶ ቆመ፣ ፊቱ ጠቆረ።

«ያንን ጨርቅ?» አለ። «የሽማግሌውን?»

«አዎ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ?» ብሎ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ስለ ልጃቸው ከተነጋገሩ ገና ሰዓት ሳይሞላው ስለ ጨርቅ መናደዱ እንደገና አንገበገባት። ሁለቱም ፊታቸውን አዙረው ተኙ።

በነጋታው ሸሚዙን ይዛ ቶይባ ሱቅ ገባች፤ ያደረገችውን ሳትደብቅ ነገረቻት። ቶይባ ሐሩን እያገላበጠች ብዙ አየችው።

«ህንዱ ልብስ እንደኛ ቶብ ነው» አለች። «ሆድ ብቻ ይታያል።» ከመደርደሪያው ቀይ ቶብ አውርዳ ጫፉን ቀደደችላት። «እንኪ። ብብት ሥር ግባ። ሰው አያይም። ግን ሂድ፣ ለራሱ ንገር። ኬና የሞተ ቀን እኔ አንቺ ጋ ቁጭ አልኩ፤ አንቺ መጥፎ ሰው አይደለም። ሥራ ግን መጥፎ ሠራሽ።»

ቃናኒ በሁለቱም ጎን ከብብት እስከ ወገብ ቀይ ቁራጭ አስገብታ ሰፋችው። ሱማቲ የተከራየችበት ቤት ድረስ ሄዳም አልጋው ላይ አኖረችው።

«አጥብቤ የቆረጥኩት አውቄ ነው» አለች። «አንቺን ልጎዳ።»

«አውቃለሁ» አለች ሱማቲ። «አንቺ ጎበዝ ሰፊ ነሽ። ይሄ ስህተት አይመስልም። እኔ ተናደድኩ። አለቀስኩ። አባቴ ደወለ፣ ልብሱን አሳዪኝ አለ። መብራት ጠፋ አልኩት። አባቴን ዋሸሁ፣ በአንቺ ምክንያት።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እሺ። ግን አሁንም ተናድጃለሁ።»

ቃናኒ ይሄንን መስማት ከለስላሳ ቃል ይልቅ ቀለላት። ስለዚህ የቆየውን ጥያቄ ጠየቀች። «ባሌን ትወጂዋለሽ?»

ሱማቲ አልደነገጠችም፤ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። «እዚህ አገር ከተማዬን የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነው። ከእሱ ጋር ሳወራ ቤቴ ነኝ። ሌላ ጊዜ ቤቴ አይደለሁም። ይሄ ምን ይባላል በአማርኛ?»

ቃናኒ አሰበች። «ናፍቆት» አለች።

«ናፍቆት» አለች ሱማቲ። «እንግዲህ እሱ ነው። ከዚህ ሌላ የለም።»

ቃናኒ አመነቻት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልቀለላትም። የቀረችውን የጥርጣሬ ቅንጣት ይዛ ወጣች።

በባህል ቀኑ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሱማቲ ሐሩን ተጠቅልላ መድረክ ላይ ወጣች፤ ፈየራ አጠገቧ ቆሞ ያስተረጉማል። የግንቡን ቁመት ለማሳየት እጇን ወደ ላይ ስታነሳ ብብቷ ሥር ያለው ቀይ ብልጭ አለ። ቃናኒ አየችው፤ ሌላ ሰው ግን አላስተዋለም። የበር መዝጋቱ ጋ ስትደርስ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጥያቄ ያለው ሲባል ቃናኒ ራሷ ሳታውቀው ተነስታ ቆማ ነበር።

«እሱ ወደ ሌላዋ ሲሄድ» አለች፣ «እስኪመለስ ድረስ እሷ ምን ታደርጋለች?»

ፈየራ ሚስቱን አያት። ከዚያ ጥያቄውን ዝግ ብሎ ተረጎመ። ሱማቲ ወደ ቃናኒ ዞረች።

«ይሄንን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች። «ሕዝቡ ሁሉ፣ ካህናቱም፣ ሠረገላውን ተከትለው ወንዙን ይሻገራሉ። የሷ ካህናት እንኳ የሚመለሱት በሩን ለመዝጋት ነው፤ እስከዚያ ከተማው ባዶ ይሆናል። የሷን መብራት የሚጠብቅ አንድ ሰውና አንድ መለከት ነፊ ብቻ ይቀራሉ። የሚነፋው አባቴ ነበር። ትልቁን በዓል በዕድሜው አይቶት አያውቅም። ልጅ ሆኜ ለምን አትሄድም ስለው፣ እሷን ብቻዋን ጥለን እንሂድ እንዴ ይለኝ ነበር።»

ቃናኒ ተቀመጠች። በዚያች የድንጋይ ሴት ቀናች፤ ሕዝቡ ሁሉ ሲሄድ የሚቀርላት ሰው በሕግ ተመድቦላታል። ከዚያ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ የተቀመጠችው ቶይባ፣ ከወሬው ግማሹን ሳትሰማ ቶቧን እያስተካከለች ስታዛጋ አየቻት። ለቅሶው ላይ ሰዎች ኮሮናን ፈርተው ሲቀሩ፣ መጥታ ምንጣፉ ላይ የተቀመጠችው ይህች ሴት ነበረች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ፈየራ ለሱማቲ ደውሎ ዛሬ አንጽፍም አላት። «ባምባሲ ውሰጂኝ» አለ ለቃናኒ። በሚኒባስ ሄዱ።

ፈየራ ያላወቀው ነገር ነበር፤ ቃናኒም እስከዚያ ቀን አልነገረችውም። በየጊዜው «ክር ልገዛ ባምባሲ ደርሼ ልምጣ» እያለች የምትሄደው ወደ መቃብሩ ነበር። አፈሩን ትጠርጋለች፣ ሣሩን ትነቅላለች፣ ቁጭ ብላ ታወራለች፣ ክር ገዝታ ትመለሳለች። እንዲመጣ ጠይቃው አታውቅም። እሱ ያላየውን የራሷ አድርጋ ይዛው ነበር፤ እሱም መጥቶ መቃብሩ ላይ ቢያዝን ከልጇ ላይ ተካፍሎ የሚወስድባት ይመስላት ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ትናንሽ መቃብሮች ብዙ ናቸው። ፈየራ ቀድሟት ገባና ከአንዱ ፊት ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። የሌላ ሰው ልጅ መቃብር ነበር። ቃናኒ ወዲያው አላረመችውም፤ እዚያው እንዲቆም መተው የሚፈልግ ነገር አሁንም ውስጧ ነበር። ከዚያ እጅጌውን ይዛ ወደ ዛፉ ሥር ወሰደችው።

«ይቺ ናት» አለች።

ቁጭ አለ። እጁን አፈሩ ላይ አኖረ። ብዙ ከቆየ በኋላ «ንገሪኝ» አለ። «ምን ምን ትወድ ነበር?»

ቃናኒ አጠገቡ ተቀመጠችና ነገረችው። የስፌት መኪናው መርፌ ሲንኳኳ እንደምትስቅ፣ ዝናብ ሲጀምር ወደ ቆርቆሮው አንጋጣ እንደምታይ፣ በሰው ጣት ላይ ጥርስ ያልወጣበት ድዷን እንደምታሽ፣ በስልኩ ውስጥ የሱን ፊት ስታይ እንዴት እንደምትቁነጠነጥ ነገረችው። ፀሐይ እስክታዘነብል አወሩ፤ እሱ ሲያለቅስ አየችው፣ እንባውንም ጠረገችለት።

ሁሉንም ነገረችው። አንዲት ነገር ብቻ፣ ልጅቷ በመጨረሻው ጠዋት እቅፏ ውስጥ ሆና ያደረገቻትን፣ ለራሷ አስቀረች።